ግጥም የማይያዝላት ዘፋኝ

የሆስፒታሉ ሰው ሁሉ «ሬዲዮ» ይላታል። የጽዳት ሠራተኛ ናት። መወልወያዋን ባልዲ ውስጥ ከነከረችበት ደቂቃ ጀምሮ አፏ አያርፍም፤ ትዘፍናለች። ድምጿ ያምራል፤ ግጥም ግን አይያዝላትም። የረሳችውን ቦታ አፏ ላይ በመጣ ቃል ሞልታ ትቀጥላለች። አንዳንዴ ዘፈኑ ውስጥ ያለው አፍቃሪ መሀል ላይ ፍቅሩን ትቶ ሽንኩርት ሊገዛ ይሄዳል።

ሦስተኛ ፎቅ፣ የጠና ሕመምተኞች የተኙበት ክፍል ሲመድቧት ኃላፊዋ ሲስተር አስጠነቀቀቻት።

«እዚህ ሰው ታሟል፤ ሠርግ ቤት አይደለም።»

ሬዲዮ ሁለት ቀን እንደምንም ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን፣ መስኮቱ ጥግ ካለው አልጋ ሥር ጎንበስ ብላ ስትወለውል አመለጣት።

አልጋው ላይ የተኙት ጡረታ የወጡ የቋንቋ መምህር ነበሩ። ስትሮክ መቷቸው ቀኝ ጎናቸው ከድቷቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ሰባት ሳምንት ሙሉ አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ባለቤታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ያወሩላቸዋል፤ እሳቸው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

«መስኮትሽ ሥር ቆሜ፣ ጎረቤት መታኝ» ብላ ዘፈነች ሬዲዮ።

መምህሩ አንገታቸውን አዞሩ። እሷ ልብ አላለችም፤ ደገመችው። ይሄኔ ከአልጋው ላይ፣ እንደዛገ በር ሲጥጥ የሚል፣ ዜማውን ግን ያልሳተ ድምፅ መጣ።

«መስኮትሽ ሥር ቆሜ፣ ዝናብ መታኝ።»

መወልወያው ከእጇ ወደቀ። ባለቤታቸው ብድግ አሉና መልሰው ቁጭ አሉ፤ እንባና ሳቅ አንድ ላይ መጣባቸው። ሲስተር እየሮጠች ገባች።

«ማነው የዘፈነው?»

«እኔ አይደለሁም፣ ሲስተር» አለች ሬዲዮ። «ማለቴ እኔ ነኝ። ግን እሳቸውም ናቸው።»

ሐኪሙ መጥቶ ነገሩን አስረዳ፤ ንግግር የሚወጣበት የአንጎል ክፍል ሲጎዳ፣ ዜማ የሚወጣበት ወገን ሊተርፍ ይችላል። «ስለዚህ በዜማ በኩል እንገባለን» አለና ወደ ሬዲዮ ዞረ። «በየቀኑ ጠዋት አራት ሰዓት እዚህ ነሽ። ግጥሙን ሆን ብለሽ አበላሺው።»

ሆን ማለት እንኳ አላስፈለጋትም። እሷ ታበላሻለች፣ መምህሩ እየተናደዱ ያርማሉ። በር አጠገብ የተኛው የከባድ መኪና ሹፌር፣ አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ቱቦ እንዳለ፣ በማንኪያ ጠረጴዛውን እየመታ ያጅባቸዋል። ከሳምንት በኋላ መምህሩ ውሃ በዘፈን ጠየቁ። ባለቤታቸውም በዘፈን መለሱላቸው። አንድ ቀን ጠዋት ስለ ብርድ ልብስ በዜማ ተጣሉ።

«ይሞቀኛል፣ ግፈፊልኝ!»

«ይበርድሃል፣ አርፈህ ተኛ!»

ሹፌሩ ትን እስኪለው ሳቀ። ሲስተር ቱቦውን ልታስተካክልለት መጥታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ታየ።

ሹፌሩ አልዳነም። ያረፈበት ቀን ጠዋት ግን ማንኪያውን ራሱ ነበር የጠየቀው። ሬዲዮ በማግስቱ አልዘፍንም ብላ ባልዲዋን ይዛ በር ላይ ቆመች። «ግቢ እንጂ፣ አራት ሰዓት እኮ አለፈ» ያለቻት ሲስተር ናት።

መምህሩ ከሁለት ወር በኋላ ክራንች ተደግፈው ወጡ። አጭር አጭሩን ይናገራሉ፤ ረዘም ያለው አሁንም በዜማ ነው። ሬዲዮ ሻንጣቸውን ይዛ እስከ ታክሲው ሸኘቻቸው።

«ወዴት ነው፣ ጋሼ?» አለ ባለታክሲው።

መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሰፈሩን፣ መታጠፊያውን፣ የቤታቸውን አረንጓዴ በር ሁሉ እያንቆረቆሩ ነገሩት። ባለታክሲው በመስታወት ባለቤታቸውን አየ፤ እሳቸው አቀርቅረው በነጠላቸው ጫፍ ሳቃቸውን ያፍናሉ።

«ገብቶኛል» አለ፤ መኪናውን አስነስቶ ጥቂት እንደሄደ እሱም ያንጎራጉር ጀመር።