መለከት ሳይነፋ የገባው ጨው

አባቴ የአህያ መጫኛና የጭነት ኮርቻ ይሠራ ነበር። መንደራችን ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚወጣው መንገድ ዳር ስለሆነች፣ የሚያልፈው ሲራራ ሁሉ አንድ የተበጠሰ ጠፍር ወይም አንድ የተላጠ የአህያ ጀርባ ይዞ እኛ ቤት ይቆማል። ቤታችን ሁልጊዜ ቆዳ ቆዳ ይሸታል። ደጃፋችንም የሚቸኩልና የሚራገም ነጋዴ አያጣም። እኔ ሰው ሲመጣ ወደ ጓዳ እሸሽ ነበር፤ ሰው ፊት መቆም ያስጨንቀኛል። ቢሆንም ያ ጫጫታ እንጀራችን መሆኑን አውቃለሁ።

አንድ በጋ ላይ ጭነት ሁሉ በአንድ መንገድ ይሂድ የሚል ነገር መጣ። የአገሩ ሹም መልእክተኛ ከደጋ የመጣ ሸምገል ያለ ሰው ነበር። እኔ ለሚስቱ ውኃ እቀዳላት ነበርና አማርኛና ጥቂት ፊደል ያስተማረችኝ እሷ ናት። ከዚያ በፊት በኸልዋ፣ ማለት በቁርኣን ቤት፣ ከእንጨት ሰሌዳ ላይ ከቀራሁት በቀር ሌላ ትምህርት የለኝም። ሽማግሌዎቹና ነጋዴዎቹ አሶሳ ገበያ ዳር ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ሲመክሩም ውኃ ይዤ ከኋላ ቆሜ ሰማሁ።

መልእክተኛው እንዲህ አለ፦ «ከጉባም ይምጣ ከኩርሙክ፣ ጭነቱ የዳቡስን ወንዝ የሚሻገረው በአንድ መልካ ይሁን። ያኔ ኬላው አንድ ይሆናል፤ ጠባቂ አቆማለሁ፤ የጭነት ማደሪያ አሠራለሁ። ጫኙም፣ ውኃ ሻጯም፣ ቆዳ ሰፊውም እዚያው ሥራ ያገኛል።»

«የተተወው መንገድስ ጌታዬ?» አለ አባቴ።

«የተተወውማ ሣር ይበቅልበታል።»

መንገዶቹ ሁለት ነበሩ። የላይኛው በእኛ መንደር አልፎ በኮረብታው ጀርባ የሚሄድ ነው፤ ዳገቱ አህያ ያደክማል። የታችኛው በሸለቆው ይወርዳል፤ ሜዳና አጭር ነው። መልእክተኛው ራሱ የታችኛውን በበቅሎ ሄዶበት ወዶት ነበር። አባቴ በዚያ ቀን ወደ ቤት ሲመለስ እናቴን፦ «የታችኛው ከተመረጠ ወደ ድንበሩ ወደ ኩርሙክ እንወርዳለን፤ ነጋዴ የሚበዛውና ሥራ ያለው እዚያ ነው» ብቻ አላት። እናቴ ወንድሞቼን የቀበረችው ከቤታችን ጀርባ ነው። ወጥታ መቃብሩ አጠገብ ያለውን አረም ነቀለች።

የትኛው ይመረጥ የሚለው ክርክር አላልቅ ሲል ሽማግሌዎቹ ፈተና አወጡ። ሁለት ሲራራ እኩል ቡና ጭኖ ይነሣ፤ አንዱ በላይ፣ አንዱ በታች ይሂድ። ከዳቡስ ማዶ ቡናውን በአሞሌ ጨው ለውጦ ይመለስ። ጨውን ያሉት ውኃ ስለማይወድ ነው፤ የመንገዱን ክፋት ይናገራል። አሶሳ አፋፍ ላይ ቀድሞ ደርሶ የቅል መለከት የነፋ መንገዱን ያገኛል። ሁሉም «መልካም ነው» ብሎ ተነሣ፤ ለሁለቱም ሲራራ አንድ አንድ ቅል ተሰጣቸው። በላይኛው መንገድ አባቴ ቆዳ ጠጋኝ ሆኖ ሄደ። የታችኛውን የሚመራው ከሱዳን በኩል የመጣ ሳቂታ ጀላባ ነጋዴ ነበር። ሲነሡ አባቴን፦ «አንተ ሰው፣ ስትመለስ ለእኔ አህዮች ኮርቻ ትሰፋለህ፤ ግን ኩርሙክ ድረስ ይዘህልኝ ትመጣለህ!» ብሎ አሳቀበት። አባቴም አብሮ ሳቀ፤ እናቴ ግን አልሳቀችም።

ዝናቡ በዚያ ዓመት ቸኮለ። ሰው ሁሉ ማሽላውን ለመዝራት ተሯሯጠ። በእኛ አገር ዘር መሬት ከገባ በኋላ እስከ አጨዳ ድረስ መለከት አይነፋም፤ ከተነፋ እህሉ ይከፋል። የመለከቶቹ ጠባቂም እንደ ወትሮው ከሲራራዎቹ ጋር ከሄዱት ሁለቱ በቀር ቅሎቹን ሁሉ ሰብስቦ ጣሪያው ሥር ሰቀላቸው። ሲሰቅል አየነው፤ ሲራራዎቹ ሲደርሱ እንዴት ይነፋሉ ብሎ የጠየቀ ግን አንድ ሰው አልነበረም። እኔም አላሰብኩትም። ዝም ብለን ጆሯችንን አቅንተን መለከት እንጠብቃለን። ዝናቡ በበረታ ቁጥር እናቴ ከደጃፍ አልገባ አለች። ዳቡስ ሞልቷል የሚል ወሬ ሰማንና፣ ከዚያ ወዲያ ስለ መንገዱ ማውራት ትታ ስለ አባቴ ብቻ ትጸልይ ጀመር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንጨት ለመልቀም ከመንደራችን በላይ ወዳለው ኮረብታ ወጣሁ፤ የአሶሳ አፋፍ የሚባለውም ይኸው ነው። መጀመሪያ ጭስ ሸተተኝ፤ ቀጥሎ አህያ ሲያናፋ ሰማሁ። ከቋጥኙ ጀርባ ብቅ ስል አባቴ እግሩን ዘርግቶ ቆዳ ይሰፋል። እያለቀስኩ ወደ እሱ ሄድኩ።

ሰዎቹ እየተከራከሩ ነበር። አንዱ ነጂ፦ «አሁኑኑ እንንፋ! የመጣነው እኮ ለዚህ ነው» ይላል። የሲራራው አለቃ ወደ ታች ወደ ማሳው ጠቆመው። «ማሽላው በቅሏል፣ አታይም? የሰውን ማሳ አበላሽቼ መንገድ አልገዛም።»

አባቴ እኔን ሲያይ ፊቱ በራ። «ቢንቲ፣ ልጄ፣ አታልቅሽ፤ ደህና ነን። የጨው መሸፈኛው ከላይ ረጥቧል፤ በእሳት አድርቀን ጧት መለከት ሳንነፋ አሳምረን እንገባለን። ሂጂና ለእናትሽ ንገሪያት።»

ስነግራት እናቴ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና «አልሐምዱሊላህ» አለች። ኻልቲ፣ ማለት የእናቴ እህት፣ እዚያው ዘፈነች። ያን ማታ ጠግበን ተኛን።

ጧት ግን ከታችኛው መንገድ በኩል መለከት ተነፋ።

መንደሩ በሙሉ ከቤቱ ወጣ። አንዳንዱ ለማሳው ደነገጠ፤ እኛ ደግሞ ለመንገዳችን። ኻልቲ እጄን ይዛ ወደ ገበያው ጎተተችኝ። ስንደርስ ጀላባው በመልእክተኛው ፊት ቆሟል። «እኛ መጣ፤ መለከት ነፋ። ሰማህ አይደለም?» ይላል በተሰባበረ አማርኛ።

«ሰምቻለሁ። እንግዲህ መንገዱ...» አለ መልእክተኛው።

ኻልቲ ጎኔን ቆነጠጠችኝ። «ተናገሪ! ያየሽው አንቺ፣ አማርኛው ያለው አንቺ ጋ። ወይስ ኩርሙክ ናፈቀሽ?»

እንዴት አፌን እንደከፈትኩ አላውቅም። «ጌታዬ፣ እነ አባቴ ትናንት ደርሰዋል። ኮረብታው ላይ ናቸው።»

«ታዲያ ለምን አልነፉም?»

«ዘር... ዘር ተዘርቷል።»

«ዘሩና መለከቱ ምን አገናኛቸው?» አለ ግራ ገብቶት። በእኔ ፈንታ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ልማዱን አስረዱት።

መልእክተኛው ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አያቸው። «መለከት ይነፋ ያላችሁት እኮ እናንተው ናችሁ!»

«የመከርነው በበጋ ነበር ጌታዬ» አሉ ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው። «በበጋ ክረምትን ማን ያስባል?»

ሰው ሳቀ። ጀላባው በዓረብኛ፦ «ልጅ ለአባቷ ታወራለች፤ ይህም ወሬ ሆነ?» ሲል ኻልቲ ተነሣችበት። «አንተስ በማሳችን ላይ የነፋህ? ማሽላው ከቀረ አንተ ትሰፍርልናለህ፣ ወላሂ ከበርህ አልነሣም!»

መልእክተኛው በቅሎውን አስጭኖ ወደ ኮረብታው ወጣ፤ ሰውም ተከተለው። እነ አባቴ ጭነው ሲወርዱ መንደራችን ላይ ተገናኙ። መልእክተኛው የመሸፈኛውን ቆዳ ገልጦ እጁን ሰደደና ጨውን ዳሰሰ። ደረቅ ነው። ወጥቶም ያደሩበትን አመድና የአህያውን ፋንድያ አየ። ተመልሶ የጀላባውን ጭነት ሲያስፈታ፣ ከሥር ያሉት አሞሌዎች ጠርዛቸው ሟሙቶ ነበር፤ በሸለቆው ውኃው እስከ አህያው ሆድ ደርሷል። ከአህዮቹም የቆላ ዝንብ ያከሳቸው ቆመው ይንቀጠቀጣሉ። ጀላባው ራሱ፦ «እውነት ነው፤ እዚያ በክረምት ሰይጣን እንኳ አይሄድም» ብሎ ሳቀ።

መልእክተኛው ይህን ሁሉ አይቶ «እኔም መንገዱን ያየሁት በበጋ ነው» አለ። የዚያን ዕለት ፍርዱ ይህ ሆነ፦ በክረምት ጭነት ሁሉ በላይኛው ይሂድ፤ መሬቱ ሲደርቅና ዝንቡ ሲቀንስ በታችኛው ይሂድ። የክረምቱ ማደሪያ በእኛ መንደር ይሠራ፤ ጫኞችና ጠባቂዎችም ከአካባቢው ይቀጠሩ።

ለእኛ ከዚህ የበለጠ አያስፈልገንም ነበር። በክረምት ጠፍር ይረጥባል፣ ይበጠሳል፤ የአባቴ ሥራ ያኔ ነው። እናቴ ሰው መሃል ቆማ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። አባቴ ወደ እኔ መጥቶ «ተናገርሽ አሉ» አለኝ። «ኻልቲ ቆነጠጠችኝ» አልኩት።

ቤት እንደገባ ውኃ እንኳ ሳይጠጣ እንቅልፍ ወሰደው። ጥቂት ቆይቶ ከደጅ አንድ ነጂ፦ «ቆዳ ሰፊው የት አለ? አህያዬ ጀርባዋ አለቀ እኮ!» እያለ ጮኸ። እናቴ ልታባርረው ተነሣች፤ አባቴ ግን ዓይኑን ሳይገልጥ «ግባ በሉት» አለ። ጓዳ መግባቴን ትቼ መስፊያውንና ጠፍሩን አቀረብኩለት።