ቦሩን የሠራሁት እኔ ነኝ

ነጌሌ በሚገኘው የከብት ከታቢዎች ማሠልጠኛ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ኃላፊያችን አቶ ታደሰ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ አሳዩኝ። ላዩ ላይ ከጭቃ የተሠራ መንደርና የውኃ ጉድጓድ ነበር፤ ከብቱ ጠጠር ነው።

"ሠልጣኙ ቆላ ወርዶ ከመሳሳቱ በፊት እዚህ ይሳሳት" አሉኝ። "አንተ ሰዎቹን ትሠራለህ።"

ሰው መሥራት ማለት እንዲህ ነው። ከመድኃኒት ካርቶን ካርድ ትቆርጣለህ። ሰውየው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈልግ፣ ምን ሲሉት እንደሚያኮርፍ ትጽፍበታለህ። ከሠራተኞቹ አንዱ ካርዱን ይዞ ያንን ሰው ይሆናል፤ ሠልጣኙ ከብቱን እንዲያስከትብ ያግባባዋል። ካርዱን የጻፈው ሰው ራሱ አይጫወተውም፤ ደንቡ ነበር።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ በፊት ከአሬሮ ከብት እየነዳሁ ገበያ አደርስ ነበር። ስለዚህ የጻፍኳቸው ሰዎች መንገድ ላይ የፈራኋቸው ሆኑ፤ ጦር የያዘ፣ ጠመንጃ ያነገተ፣ ሽፍታ፣ ሽፍታ አሳዳጅ። ይፎክራሉ፣ ሠልጣኙ ይስቃል፣ ያልቃል። ቆላ ሲወርድ የሚያጋጥመው ግን ሌላ ነው።

ከዚያ ማርታ ተቀጠረች። የቦሬ ልጅ፣ የጴንጤ ቤተሰብ፣ አባቷ መምህር። ጽሑፏ እንደ ዶቃ የተደረደረ ነው። መጀመሪያ የሠራቻት አንዲት አሮጊት ነበረች፤ የተጫወትኳት እኔ። ሠልጣኙ "እማማ፣ ስንት ከብት አለዎት?" ሲል ካርዱ ዝም በል ይላል። ደግሞ ጠየቀ። ዝም አልኩ። እኛ ዘንድ ከብት ተቆጥሮ አይነገርም፤ መዓት መጥራት ነው። ልጁን ላብ አጠመቀው።

ይህንን እኔ ቦረናው ከጡት ጋር የጠባሁት ነው። ካርድ ላይ የጻፈችው ግን ደጋ ያደገች ልጅ ናት። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

"ከየት አመጣሽው?" አልኳት።

"ገበያ ውስጥ አንዷን ሴትዮ ስንት ከብት እንዳላት ብጠይቃት አኮረፈችኝ፣ ኦቦ ዋሪዮ። አንቱስ የአገሩ ሰው ሆነው እስካሁን ለምን አልጻፏትም?"

በዚህ ጥያቄዋ ጠላኋት።

ፊልቱ ሌላ ማሠልጠኛ ሊከፈት ነው ተባለ። ዋና አሠልጣኙ ከሁለታችን አንዳችን ነን። በጎልማሳነቱ ፊደል የቆጠረ ሰው "አሠልጣኝ" ሲባል መስማት ፈልጌ ነበር፤ ከዚያ በላይ የተመኘሁት ነገር የለም። አቶ ታደሰ "አንድ አንድ አዲስ ሰው ሥሩ። አይቼ እወስናለሁ" አሉን።

እኔ ቦሩን ሠራሁ። መሣሪያ አልሰጠሁትም። ደግ ነው፤ ክትባቱንም ይፈልጋል። ብቻ ታናሽ ወንድሙ ቀድሞት ከተጠየቀ ቢሞት እሺ አይልም። ከየት እንዳመጣሁት ማንም እንዲጠይቀኝ አልፈለግኩም።

የማርታን ሰው እኔ ተጫወትኩት፤ ሚስቱ ሳትመጣ መልስ የማይሰጥ ባል ነበር። ካርዱ ያለውን አልኩ፤ ማንም አልሳቀም። ቦሩን ደግሞ እሷ ተጫወተች።

"አካም፣ ኦቦ ቦሩ። ናጋ?" አለ ሠልጣኙ፤ ሰላም ነው ወይ ማለቱ ነው።

"ናጋ።"

"ወንድምዎ ትናንት አስከተቡ። እርስዎስ?"

"እንግዲያስ እሱ ዘንድ እደር።"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ልጁ ተደናግጦ "ክትባቱ ጥሩ አይደለም ነው የሚሉት?" አለ።

"ጥሩ ነው። ወንድሜም ጥሩ ነው" አለችና ወደ እኔ ዞረች። "ጽሑፉም ያምራል።"

ካርዱ ላይ ስለ ጽሑፍ ምንም አልነበረም፤ እንደ ዶቃ የሚደረደረው የራሷ ጽሑፍ ነው። አቶ ታደሰ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁ። ፊልቱ ለእሷ ሆነ።

"ሰውየውን የሠራሁት እኮ እኔ ነኝ" አልኳቸው።

"አውቃለሁ። ከሠራሃቸው ሁሉ ይበልጣል። ፊልቱ የሚሄደው ግን አሠልጣኝ ነው፤ አሠልጣኝ ደግሞ ሰው ፊት ይቆማል። አንተ ካርድ ታነባለህ።"

ማርታ ዕቃዋን ስትጭን "ኦቦ ዋሪዮ፣ ቦሩን ይዤው ልሂድ?" አለችኝ።

"ውሰጂው። እዚህ ማን ይጫወተዋል?"

ፊልቱ ላይ ቦሩን "የማርታ ሰውዬ" ይሉታል አሉ። እስከ ጡረታዬ ይህንን በሰማሁ ቁጥር "ቦሩን የሠራሁት እኔ ነኝ" እል ነበር። አሁንም አልተውኩም።

ለሥልጠና ጠረጴዛ ሰው የምትሠሩ፣ በእጁ የያዘውን መሣሪያ መጨረሻ ላይ አስቡበት። መጀመሪያ ማን ሲቀድመው እንደሚከፋው ወስኑ።