ከግቢያቸው አድማጭ ያፈሩት እትዬ የሺ

የእትዬ የሺን ክራርና ድምፅ የምታውቁ ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል፤ ላልሰማችሁት ግን መርዶውን የማድረሱ ነገር በእኔ ላይ ወድቋል። ወይዘሮ የሺእመቤት፣ ሁላችንም እትዬ የሺ የምንላቸው፣ ሲያስቸግራቸው የቆየው የመተንፈሻ ሕመም ጸንቶባቸው ባለፈው ሳምንት ሐይቅ ከተማ በሚገኘው ቤታቸው ዐርፈዋል።

እኔ ሐያት እባላለሁ። ከሻይ ቤታቸው አጠገብ ልብስ እሰፋ ነበር። ክራር መደርደርንም፣ ዘፈን መድረስንም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለደረስኩት ዘፈን አድማጭ መፈለግን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዛሬ በዘፈኔ የምታውቁኝ ካላችሁ፣ ወደ እኔ የመጣችሁት በእሳቸው በኩል ነው።

እትዬ የሺ የተወለዱት አምባሰል፣ ከግሸን ግርጌ ካለች መንደር ነው። ክራርን የተማሩት ከአባታቸው ነው። ሐይቅ ተድረው ከመጡ በኋላ ቀን ቀን ሻይ እያፈሉ፣ በሠርግ ወራት ደግሞ በየቤቱ እየተጠሩ ይዘፍኑ ነበር። ሰው የሚወዳቸው የታወቁትን ዘፈኖች አሳምረው ስለሚጫወቱ ነው። የራሳቸው ዘፈኖችም ነበሯቸው፤ እነዚያን ግን ከቤታቸው ግድግዳ በቀር የሰማቸው አልነበረም።

አንዱን ዘፈናቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ያወጡበትን ቀን ደጋግመው አጫውተውኛል። አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ካለ መንደር ለሠርግ ተጠርተው ነበር። ዘፈኑ ከአርዲቦ ውሃ ቀድታ ዳገት ስለምትወጣ ሴት ነው፤ በአምባሰል ቅኝት ነው የደረሱት።

«ዳገቱን ወጣሁት እንስራዬን አዝዬ፣
አንድ ቃል ብትለኝ ይቀለኛል ብዬ።»

ጭብጨባው ቀዘቀዘ፤ ጨፋሪዎቹም ቆሙ። የሙሽራው አባት ጠጋ ብለው፣ «የሺ፣ እንዳትቀየሚኝ። ሠርግ ነው፤ የምናውቀውን ተጫወችልን» አሏቸው። እሳቸውም ሳይከራከሩ ወደሚታወቀው ዘፈን ተመለሱ። ዳሱ ወዲያው ሞቀ።

«አልተናደዱም ታዲያ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አልቅሻለሁ እንጂ!» አሉኝ። «ኋላ ሳስበው ግን እውነታቸውን ነው። ሰው የማያውቀውን ዘፈን ጠልቶት አይደለም፤ ገና ስላልተዋወቀው ነው። ማስተዋወቁ ደግሞ የእኔ ሥራ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ሠርግ ላይ የሚጠየቁትን ሁሉ እየዘፈኑ፣ ጨፋሪው ደክሞት ቁጭ ሲል ብቻ አንዲት የራሳቸውን ጣል ማድረግ ያዙ። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ የግቢያቸውን በር ከፍተው፣ አግዳሚ ወንበር አውጥተው፣ የራሳቸውን ዘፈን ብቻ መዝፈን ጀመሩ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ የመጣነው እኔና አንዲት ጎረቤት ብቻ ነበርን። እኔ አፍሬላቸው፣ «እትዬ፣ ሰው የለም እኮ፤ ለሌላ ጊዜ ቢያደርጉት» አልኳቸው።

«አንቺስ? ሰው አይደለሽም እንዴ?» ብለው ክራራቸውን አነሱ። ግቢው የሞላ ይመስል፣ ከልባቸው ዘፈኑልን። ሲጨርሱ የትኛው ልባችን ውስጥ እንደቀረ ጠየቁን። ጎረቤታችን የውሃዋን ሴት ዘፈን አለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሴትዮዋ እግሯ በሩን ሲረግጥ የጀመሩት በዚያ ዘፈን ነበር። ደስ ብሏት በሳምንቱ እህቷን ይዛ መጣች። እንዲህ እንዲህ እያለ ነው ግቢው የሞላው። የእያንዳንዱን ሰው ስምና የሚወደውን ዘፈን ያውቁ ነበር። ታሞ የቀረ እንደሆነ ሻይ በፔርሙዝ ይዘው ይጠይቁታል። በዓቢይ ጾምም፣ በረመዳንም ክራራቸው ከግድግዳ አይወርድም ነበር። የእኛ የሙስሊሞቹ ጾም እሳቸውን ምን እንደሚያግዳቸው ብጠይቃቸው፣ «ግማሹ ሰዌ ሳይኖር ለማን ልዘፍን?» አሉኝ።

አንድ ጊዜ ዘፈን እየቀረጸ የሚያወጣ ሰው ዝናቸውን ሰምቶ መጣ። ድምፃቸውን ወደደው፤ የፈለገው ግን የታወቁትን ዘፈኖች ብቻ ነበር። «ከራሴ አንዲት እንኳ ትግባ» ብለው ለመኑት።

«የእርስዎን ማን ያውቀዋል?» አላቸው።

«እዚህ ግቢ የሚመጡት ያውቁታል» ብለው ሸኙት። በዚያ ቀን ሻይ ቤቱን ዘግተው ዋሉ። ቢቀረጹ ደስ ይላቸው ነበር፤ አልደበቁኝም። ቅዳሜ ሲደርስ ግን አግዳሚውን ራሳቸው አወጡት።

ከዓመታት በኋላ በአምባሰል በኩል ወዳለ አንድ መንደር ለሠርግ አብሬያቸው ሄድኩ። ገና ክራራቸውን ሳይቃኙ የሙሽራዋ ጓደኞች አንድ ዘፈን አነሱ። ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። የእትዬ የሺ ዘፈን ነበር! በማን በኩል እዚያ እንደደረሰ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ልጆቹ ግን «ዳገቱን ወጣሁት ጀሪካን አዝዬ» ነበር የሚሉት። ላርማቸው ብድግ ስል እትዬ የሺ ቀሚሴን ይዘው አስቀመጡኝ።

«ተያቸው። ልክ ናቸው፤ ዛሬ ማን እንስራ ያዝላል? ከእንግዲህ እኔም እንደነሱ ነው የምዘፍነው» አሉኝ። እንባቸው ግን ይወርድ ነበር። ወላሂ፣ እንደዚያ ቀን ተደስተው አይቻቸው አላውቅም።

በስልክ መቅረጽ ሲመጣ የቅዳሜውን ዘፈን ኢንተርኔት ላይ መጫን ጀመርኩ። ያየው ሰው ጥቂት ነበር። አፍሬ ስነግራቸው፣ «ስንት ናቸው ተይና እነማን ናቸው?» አሉኝ። የጻፉትን አንድ በአንድ አስነበቡኝ። ዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት የወሎ ልጅ፣ ልብስ ስትተኩስ እንደምትሰማቸው ጽፋ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስሟን ጠርተው፣ «ይቺ ዘፈን ያንቺ ናት፤ አይዞሽ» ብለው ዘፈኑላት። ልጅቷ ለጓደኞቿ አዳረሰችው፤ ከየአገሩ የሚጽፉልን በዙ።

ለእኔ የዋሉልኝን ውለታ ግን ከዚህ ሁሉ አስበልጣለሁ። ትንፋሻቸው እያጠረ ሲመጣ አንድ ቅዳሜ የሚዘፍኑበት በርጩማ ላይ እኔን አስቀምጠው፣ እሳቸው ፊት ለፊቴ ከሰው መሀል ገብተው ተቀመጡ። ሰው አጉረመረመ። «ኧረ እትዬ፣ እርስዎ ይዝፈኑልን!» የሚል ተሰማ።

«ዛሬ እኔም እንደናንተ ልሰማ ነው የመጣሁት» አሉ።

የራሴን ዘፈኖች ዘፈንኩ። ስጨርስ ለሳቸው የለመድኩት ጭብጨባ የለም። መሬት በተከፈተችልኝ ስል፣ እትዬ የሺ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ያችን ሁለተኛዋን እስቲ ድገሚልኝ፤ አልጠገብኳትም» አሉ። ደገምኩት። እሳቸው በጉልበታቸው ላይ እየመቱ ተቀበሉኝ፤ ከጎናቸው ያለችው ተቀበለች፤ ከኋላም ሌሎቹ ተከተሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ሕመሙ አልጋ ላይ እስኪያውላቸው ድረስ ከፊቴ አልቀሩም። አልጋ ላይ ሆነውም ሲመክሩኝ፣ «እነዚያን ሰዎች የየሺ ናቸው እያልሽ አትፍሪያቸው። ስማቸውን ካወቅሽ ያንቺም ናቸው» ብለውኛል።

ቀብራቸው ላይ የአርዲቦ ገበሬ፣ የከተማው ነጋዴ፣ ካህኑም፣ ሸሁም ነበሩ። ልጃቸውን «እግዜር ያጥናሽ»፣ «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» እያለ የሚያጽናናው ሰው ማለቂያ አልነበረውም።

እትዬ የሺ፣ ቆመው ያሳደጉት ዘፈን እርስዎ ያልረገጡት አገር ደርሷል። እኔም በሄድኩበት ሁሉ የማን እንደሆነ እናገራለሁ። ያኔ በርጩማዎ ላይ ስቀመጥ አንድ ሰው እንኳ ባይሰማኝ ኖሮ ክራሩን ትቼ ወደ መርፌዬ እመለስ ነበር። ያ አንድ ሰው እርስዎ ሆኑልኝ፤ ሌሎቹንም ጠሩልኝ። አመሰግንዎታለሁ፣ እትዬ። ፈጣሪ ማረፊያዎን ያሳምርልዎ።