የባሕር ዓሣ ስም በመካነ ሰላም

«ይሄ የዓሣ ስም ከሆነ እኔ ጳጳስ ነኝ» አለኝ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ ደብተሬን አፍንጫዬ ሥር ዘርግቶ። አብዮቱ ሳይመጣ ልብስ ሰፊ ነበር፤ የትምህርት ቤት ልብሴን የለካኝ እሱ ነው። አሁን በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ አቁሞ ጨርሶ እንደማያውቀኝ ያየኛል።

ደብተሩ የእኔ ነው፤ አልካድሁም። በግራ ገጹ የዓሣ ስሞች በላቲን ፊደል ከነሥዕላቸው ተጽፈዋል። በቀኝ ገጹ ደግሞ የሰው ስሞች አሉ። ለእሱ ነገሩ ያለቀ ነው፦ በቀኝ ያለው ሰውዬው፣ በግራ ያለው የኅቡዕ ስሙ።

እውነቱ እንዲህ ነው። ደሴ ሁለተኛ ደረጃ ስማር የባዮሎጂ አስተማሪያችን ከምጽዋ ተዛውሮ የመጣ ሰው ነበር። እዚያ ሳለ በመስታወት ሣጥን የባሕር ውኃ ሞልቶ ዓሣ ያኖር ነበር። ጅቡቲ ያለ አንድ ወዳጁም እንደዚሁ። ይሄ ምን ይበላል፣ ያኛው ከማን ጋር ይጣላል እያሉ በደብዳቤ ይመካከራሉ። ታዲያ አንዱን ዓሣ እሱ በምጽዋ ስሙ፣ ወዳጁ በጅቡቲ ስሙ ሲጠሩት ምክሩ እየተምታታ ስንቱን ገደሉት። ከዚያ ወዲያ በሳይንሳዊ ስሙ ካልሆነ አልጽፍም አለ። እኛንም አስጻፈን። «የመጀመሪያው የዘመዶቹ ሁሉ ስም ነው፣ ሁለተኛው የራሱ» ይለን ነበር። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ስሞቹን ግን እንደ ዳዊት ሸመደድኋቸው።

በአብዮቱ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ወደ አገሬ ተመለስሁ፤ ቤት መቀመጥ ግን አልሆነልኝም። መካነ ሰላም በተራቡት መጠለያ መዝጋቢ ሆንሁ። አንድ ቀን ወረቀት አለቀብኝ፤ ባዶ በተውሁት የቀኝ ገጽ ላይ ስንዴ የሚጠብቁ አባወራዎችን ስም ጻፍሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ ነገርሁት። ተቀመጪ ሳልባል ተቀመጥሁ።

«እስቲ ይሄን አንብቢው።»

«ቴሮይስ ቮሊታንስ።»

የአንደኛ ደረጃ ሳይንስ አስተማሪውን አስጠርቶ ነበር። ሽማግሌ ናቸው፤ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ገቡ። ያንኑ መስመር አሳያቸው።

«ፕቴሮይስ ቮሊታንስ» አሉ።

«እሷ ‹ፕ›ዋን የት አደረሰቻት?»

«ወላሂ እኔ እንጃ፣ ጓድ። እንደተጻፈው ነው ያነበብሁት።»

«እንግዲህ ከሁለት አንዳችሁ ትዋሻላችሁ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አላዩኝም። አልፈረድሁባቸውም።

«ላቲንን ዛሬ የሚናገረው ሕዝብ የለም» አልሁ። «አንዱ እንዲህ ይለዋል፣ ሌላው እንዲያ። የማይለወጠው አጻጻፉ ነው።»

«ጎሽ! ሕዝብ የማይናገረው ቋንቋ! ለምሥጢር ከዚህ ወዲያ ምን ይመቻል?» ጥበቃው ሳቀ። ሊቀመንበሩ ጣቱን በቀኝ ገጽ ላይ ቁልቁል ነዳው። «እነዚህን ነገ ለቅሜ አመጣቸዋለሁ። እነሱ ይናገራሉ።»

በዚያ ሰሞን ከተወሰደ ሰው የተመለሰ አላየንም። ሰዎቹ ወረቀት ስላለቀብኝ ሊሞቱ ነው።

«ሥዕሉን ሸፍነው» አልሁ። «መምህር ስሙን ብቻ ያንብቡልኝ። ዓሣውን እስለዋለሁ። ካልመሰለ የፈለግኸውን አድርግ።»

«ለእስረኛ እርሳስ አይሰጥም» አለና ከኪሱ የልብስ ሰፊ ጠመኔ አውጥቶ ወለሉ ላይ ወረወረልኝ። አሁንም ይይዘው ነበር።

ሽማግሌው «ፕቴሮይስ» ሲሉ ላባ የመሰለውን እሾኻም ክንፉን ወለሉ ላይ ሳልሁ። «አምፊፕሪዮን ቢኪንክቱስ» አሉ። እኛ ባይሲንክተስ ነበር የምንለው፤ ቢሆንም አወቅሁት፣ ሁለት መታጠቂያ አለበት። ሊቀመንበሩ ከደብተሩ ጋር ያስተያያል።

«ቻኤቶዶን...» አሉ ሽማግሌው።

አላወቅሁትም። ቻኤቶዶን የሚባል በሕይወቴ አልሰማሁም።

«ፊደሉን ይንገሩኝ፣ ጋሼ።»

«ፊደል መነጋገር የለም!» አለ ሊቀመንበሩ። ጥበቃው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

«ይድገሙልኝ። ሁለተኛውን ስም፣ በአላህ።»

ሽማግሌው ከንፈራቸውን አረጠቡ። ላብ በጆሯቸው ሥር ሲወርድ አያለሁ። «ላርቫቱስ» አሉ ቀስ ብለው።

ላርቫተስ! እኛ ኪቶዶን የምንለው፣ ፊቱን ጭምብል ያጠለቀው። ክቡን አካል፣ ጎኑ ላይ የተቀለሱትን መስመሮች ሳልሁ። ጅራቱን ማጥቆሪያ አልነበረኝም። «ይሄ ጥቁር ነው፣ ፊቱ ቀይ ነው» አልሁ።

ሊቀመንበሩ ተንበርክኮ እንደ ኮት ስፌት መረመረው።

«ዓሣውስ ዓሣ ነው» አለ። «ደብተሩ ግን እዚህ ይቀራል።»

«የሰዎቹ ስም ያለበትን ወረቀት ስጠኝ። ነገ ስንዴ ይታደላል። ስሙ የሌለ ሰው ባዶ ስልቻ ይዞ ነው የሚመለሰው።»

«አፍሽን አትይዢም እንዴ፣ አንቺ ልጅ?»

«ስጠኝ።»

መሳቢያውን ከፍቶ መቀስ አወጣና ወረቀቱን ከሥሩ ቀጥ አድርጎ ቆረጠው። ገለበጠው። «ጀርባው ላይ ሌላ ዓሣ አለ።»

«ይኑር።»

ወረቀቱን ተቀብዬ አጠፍሁት፣ በጠመኔው ዓሣ ላይ ተራምጄ ወጣሁ።