የትርንጎ ሹሩባ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ፣ ወደ መሐል ሜዳ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ሰው እስኪሞላ እጠብቅ ነበር። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ መጮህ ከጀመረ ግማሽ ሰዓት አልፎታል። እኔ ይህን መንገድ ስመላለስ ዕድሜዬን ፈጀሁ፤ ያ የቀረው አንድ ሰው ግን እስካሁን አልመጣም። ከፊቴ ባለው ወንበር ላይ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ወጣት አራት ዓመት ገደማ የሚሆናትን ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ የተፈታ ፀጉሯን ይሠራል። ላስቲኩን በጥርሱ ነክሶ፣ ፀጉሯን ለሁለት ከፍሎ፣ ቀልጠፍ ባሉ ጣቶች ይጎነጉናል። አጠገቡ የተቀመጡ ሴትዮ ዝም ብለው ሲያዩት ቆዩና «እናቷ የለችም እንዴ?» አሉት።

«አለች፤ ሥራ ገብታ ነው» አላቸው። ቀና እንኳ አላለም።

ሴትዮዋ ሳቁ፤ ከኋላ ያሉትም ሳቁ። ክፋት የሌለበት ሳቅ ነበር። «ይባርክህ ልጄ፣ እኛ በዘመናችን እንዲህ ያለ ወንድ አላየንም» አሉት። እኔ ግን አይቼ ነበር። ፊቴን ወደ መስኮቱ መለስኩ።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ቤታችን ከቀየት ገበያ ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር ሲሆን፣ እኔ ግን መሐል ሜዳ ከሁለት ልጆች ጋር ቤት ተከራይቼ እማር ነበር። በየሁለት ሳምንቱ ወደ ቤት እሄድና በሶዬንና ቆሎዬን ተሸክሜ እመለሳለሁ። በዚያ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል እናቴ በሦስት ቀን ሕመም ሞተች። ቤት ውስጥ አባቴና አምስት ዓመት የሞላት እህቴ ትርንጎ ብቻ ቀሩ።

አባቴ አቶ አያሌው ገበሬ ናቸው። እንጀራውን ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ ይጋግሩልናል፤ ባላቸው ስለሞተባቸው አባቴ ደግሞ መሬታቸውን ያርሱላቸዋል። በዚህ ማንም ክፉ አልተናገረም። ያስቸገረው የትርንጎ ፀጉር ነው። እናቴ ጋሜዋን አስቀርታ ፀጉሯን ማሳደግ ጀምራ ነበር። «ለጥምቀት ሹሩባ እሠራታለሁ» ስትል ሁላችንም ሰምተናል። ከቀብሩ በኋላ የመንደሩ ሴቶች «ላጫትና ተገላገል፣ ቅማል ይወርራታል» ቢሏቸው፣ አባቴ «እናቷ ያሳደገችውን እኔ አልላጭም» ብለው ሚዶውን ራሳቸው አነሡ።

የአባቴ እጅ የሚያውቀው ገመድ ነው። የጓሳ ሣር እንደ ልብ የሚታጨድ አይደለም፤ ሕዝቡ ዘግቶ ይጠብቀውና ሲከፈት ብቻ ነው የሚታጨደው። አባቴ ከዚያ ሣር የሚገምዱትን ገመድ የመንደሩ ሰው «ቤቱ ይፈርሳል እንጂ የአያሌው ገመድ አይበጠስም» ይለው ነበር። የመጀመሪያው ሹሩባ እንግዲህ የጥጃ ማሰሪያ መሰለ። ትርንጎም ጮኸች። እሳቸው ግን የጀመሩትን የሚተዉ ሰው አልነበሩም። ከቅዳሴ ሲወጣ ከሴቶቹ ኋላ ኋላ እየሄዱ ጭንቅላት ጭንቅላታቸውን ሲመለከቱ አይቼ፣ ሚስት ሊመርጡ ነው ብዬ ክፉኛ ደንግጬ ነበር። ለካ የሴቶቹን ፀጉር አሠራር እያጠኑ ነው! በወሩ የትርንጎ ሹሩባ ከማንኛዋም ሴት ልጅ ሹሩባ አላነሰም። ቅቤ ተቀብታ፣ በአባቴ ጉልበቶች መካከል ተቀምጣ፣ ሳታልቅስ እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር።

አንድ ቅዳሜ የክፍሌ ልጅ ጌታቸው አብሮኝ መጣ። ስንገባ አባቴ በር ላይ ተቀምጠው እየሠሯት ነበር። ምንም አልደነገጡም። «ግባ ልጄ፣ እጄ ቅቤ ሆኖ ነው የማልነሣልህ። ተሾመ፣ ቆሎ አምጣለት እንጂ!» አሉ። ጌታቸው ቆሎውን በደንብ በላ። ሰኞ መሐል ሜዳ ስንደርስ ደግሞ ወሬውን በደንብ ዘራው። «እኔንስ አባትህ ይሠሩኛል?» ይለኛል አንዱ። ሌላው ሲያልፍ ፀጉሩን ይዳብሳል። ስሜ ተሾመ መሆኑ ቀርቶ «ሹሩቤ» ሆነ። አሁን ሳስበው ሦስት ሳምንት የማይቆይ የልጆች ቀልድ ነበር። ያኔ ግን ከናቴ ሞት ቀጥሎ የደረሰብኝ ክፉ ነገር እሱ ነበር፤ ይህን ስጽፍም አፍራለሁ።

ቤት ስመለስ አባቴን ለብቻቸው ይዤ «አባባ፣ ይኼን ነገር ቢተዉት» አልኳቸው።

«የቱን?»

«የትርንጎን ፀጉር። ሰው ይስቃል።»

«ጥርስ ላለው ሰው ሳቅ አይከለከልም» አሉ። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ባለሁበት ሲሠሯት በሩን ይዘጉት ጀመር። ለሰው ብለው አልነበረም፤ ለእኔ ብለው ነው። እኔ በዚህ አልረካሁም። ትርንጎን ጠርቼ «ማን ሠራሽ ቢሉሽ እትዬ ሙሉ በይ» አልኳት።

«አባባ ነው እንጂ!»

«እንግዲያው ዝም በይ። ከተናገርሽ አባባን ሰው ይስቅበታል።» ይኼ ገባት። አባቷ እንዲሳቅባቸው አትፈልግም፤ ከዚያ በኋላ ማንም ቢጠይቃት ከንፈሯን ጥብቅ አድርጋ ትይዛለች።

ኅዳር ላይ፣ ገብሱ ሲታጨድ፣ የናቴ ታላቅ እህት እትዬ ብርቄ ከነባላቸው ከመርሐቤቴ በበቅሎ መጡ። ትርንጎን ወስጄ ላሳድግ ብለው ነው። ክፉ ሴት አልነበሩም፤ እህታቸው ሞታባቸዋለች፣ የቀረቻቸው እሷ ናት። አባቴ እንቢ ሲሉ ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ሽማግሌዎቹ የአባቴ የንስሐ አባት መምሬ ወልዴና የመንደሩ ነገር አዋቂ ጋሽ አስፋው ነበሩ። ቅዳሜ ቀን ስለሆነ እኔም ነበርኩ፤ ጠላ እየቀዳሁ ጥግ ይዣለሁ።

«አያሌው፣ ሁለት ነገር ነው» አሉ ጋሽ አስፋው። «ወይ አግባ፣ ወይ ልጅቱን ስጥ። ወንድ ብቻውን ሴት ልጅ አሳደገ ሲባል አልሰማሁም።»

«እንጀራ እናት አላመጣባትም። ልጄንም አሳድጋለሁ። ምን ጎደለባት?»

«ማብላቱን ማን ያጣዋል! የሴት ልጅ አያያዝ ሌላ ነው። ሴት ወደ ማጀት ወንድ ወደ ችሎት አይደለም እንዴ የሚባለው?»

እትዬ ብርቄ እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው «ነገ ስታድግ ምስጢሯን ለማን ልትነግር ነው? ለአንተ?» አሉ።

መምሬ ወልዴ ግን ለመፍረድ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ትርንጎን ጠርተው ከፊታቸው አቆሟትና ጭንቅላቷን ዳሰሱ። የዚያን ዕለት ሹሩባዋ እንደ ሙሽራ ያምር ነበር። «እንዴት ያለ ሥራ ነው!» አሉ። «ማን ነው የሠራሽ የኔ ልጅ?»

ትርንጎ አባቷን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። ከንፈሯን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

ሁለት ጊዜ ቢጠይቋት አልመለሰችም። መምሬ ወደ እኔ ዞሩ፤ የእጅ መስቀላቸውን ከጉያቸው አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «አንተ የተማርክ ልጅ ነህ። በመስቀሉ ፊት ንገረን። ይቺን ልጅ የሚያበጥራት፣ የሚሠራት ማን ነው?»

የጋሽ አስፋውን ፊት አየሁ፤ ጢማቸው ሥር ፈገግታ የተዘጋጀ መሰለኝ። ነገ በቀየት ገበያ «የአያሌውን ሥራ ሰማችሁ?» ሲሉ ታየኝ። ጌታቸው ታየኝ። «እትዬ ሙሉ ናቸው» አልኩ። የአባቴን ወንድነት ያዳንኩ መስሎኝ ነበር።

እትዬ ብርቄ እጃቸውን አጨበጨቡ። «ይኸው! እንግዲህ ጎረቤት የምትሠራት ከሆነ፣ ከእናቷ እህት ጎረቤት ትቀርባለች?»

ጋሽ አስፋው «ነገሩ አለቀ» አሉ። መምሬም አንገታቸውን ነቀነቁ። ለካ መምሬ የጠየቁት ለአባቴ ሊፈርዱላቸው ኖሯል። አባት መያዙን የሚያውቅበት ከሆነ ትቆይ ሊሉ ምክንያት ይፈልጉ እንደነበር ያኔ ፊታቸው ላይ አየሁት።

አባቴ «እኔ...» ብለው ጀመሩ። ቀና ብለው አዩኝ፤ መስቀሉን አዩ። የሠራኋት እኔ ነኝ ቢሉ ልጃቸው በመስቀል ፊት የዋሸ ሊባል ነው፤ ያ ነገር ደግሞ በኛ አገር እስከ ጋብቻ፣ እስከ መቃብር የሚከተል ስም ነው። ሴት ልጃቸውን ለማስቀረት ወንድ ልጃቸውን ማዋረድ ነበረባቸው። ይህን ሁሉ ሲያስቡ የፈጀባቸው ጊዜ አንድ ዋንጫ ጠላ ከመቅዳት አይበልጥም። «እኔ ምን እላለሁ» አሉ በመጨረሻ፤ «እንዳላችሁት ይሁን።»

በማግስቱ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ በቅሎዋ ተጭና ሽማግሌዎቹም ሊመርቁ መጥተው ደጃችን ላይ ቆመዋል። አባቴ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው በርጩማቸውን ፀሐይ ላይ አወጡና ትርንጎን ጉልበቶቻቸው መካከል አስቀመጧት። ሹሩባዋን ፈቱ፤ አበጠሩ፤ በሰው ሁሉ ፊት አንድ በአንድ ይጎነጉኑ ጀመር።

ጋሽ አስፋው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው የአባቴን ጣቶች ብቻ ያያሉ። ይህ እጅ ዛሬ የጀመረ እጅ አለመሆኑን ማንም ያውቃል። የእትዬ ብርቄ ባል ብቻ «ፀሐይ ሳትከር ገደሉን ብንወርድ» አሉ።

«ለመንገድ ነው፣ እንዳይፈታባት ጠበቅ ላድርገው» አሉ አባቴ።

«አባባ ያማል» አለች ትርንጎ።

«ቻይኝ ልጄ። ቻይኝ።»

መምሬ ወልዴ ወደ እኔ መጡ። በቅሎዋን ይዤ ቆሜያለሁ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ የምትለው ነገር አለ?» አሉኝ። ደህና አድርገው በር ከፍተውልኝ ነበር። አንዲት ቃል ብናገር ትርንጎ ትቀር ነበር፤ እስከ ዛሬም እንደዚያ አምናለሁ። ጎንበስ ብዬ የኮርቻውን ጠፍር ማጥበቅ ያዝኩ፤ ጠብቆ ነበር እኮ። «የለም መምሬ» አልኳቸው። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ብለው ተነፈሱና ሊመርቁ ሄዱ።

በቅሎዋ ላይ ስትቀመጥ ትርንጎ «መቼ ነው የምመለሰው?» ብላ ጠየቀች። አባቴ ቁልቁለቱ አፋፍ ድረስ ሸኝተዋት ተመለሱ፤ ገብተው ስንቄን ቋጠሩልኝ። ስለዚያ ነገር ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ቢሰድቡኝ፣ ቢመቱኝ ደስ ባለኝ። እትዬ ሙሉም ስማቸውን ማንሣቴን ሰምተው ኖሮ፣ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ዐይናቸውን ሰበር አድርገው ያልፉ ነበር።

አባቴ ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆናቸው። ሳያገቡ ነው የሞቱት። በኑሯቸው ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ መርሐቤቴ እየወረዱ ትርንጎን አይተዋት ይመለሱ ነበር፤ እንደ እንግዳ ይቀመጣሉ፣ እንደ እንግዳ ይስተናገዳሉ፣ አመስግነው ይወጣሉ። እትዬ ብርቄ አሳምረው አሳደጓት። ዛሬ ባለ ትዳር ናት፤ ዓለም ከተማ ትኖራለች።

ለለቅሶው መጥታ በሠልስቱ ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። «አንድ ነገር ልንገርህ ጋሼ?» አለችኝ። «አባባ እኔን ሲሰጡኝ አልተከራከሩም አሉ። እንዳላችሁት ይሁን ነው ያሉት። መቼም ወንድ ናቸው፣ ሴት ልጅ ከብዳቸው ይሆናል፤ አልፈርድባቸውም። ፀጉሬን እንኳ የሠሩኝ የሄድኩ ቀን ብቻ ነው። አልለመዱማ፣ እንዴት አድርገው እንዳሳመሙኝ!» ሳቅ አለች። «የእትዬ ሙሉ እጅ ግን እንዴት ያለ ልስልስ ነበር! አክስቴ ነግራኛለች፤ እኔም ትዝ ይለኛል፣ ሲሠሩኝ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።»

አፌን ከፈትኩ። ለቀስተኞች ገቡ፤ ተነሣንላቸው። ሲቀመጡ እኔም ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የኔው ግን ሠላሳ ዓመት አድሮ ይኸው አልጠራም፤ ጭራሽ ውሸቱ የእሷ ትዝታ ሆነ። ወንድ ልጅ ይህን አይሠራም፣ ይህን አይናገርም እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ግን ጥፋቱን ሁሉ በአገር ላይ ብጥል እዋሻለሁ፤ በዚያው አገር ያደጉት አባቴ ሚዶ ለማንሣት አላፈሩም።

የዚያን ዕለት ሚኒባሱ መሐል ሜዳ እንዳደረሰን፣ ገና ከመናኸሪያው ሳልወጣ፣ ልነግራት ቆርጬ ደወልኩላት። ደስ አላት። ቆላው ዝናብ እንደዘገየበት ነገረችኝ፤ እኔም ደጋው ውርጭ እንደጣለበት ነገርኳት። ከዚያ ዝም ስል «ምነው ጋሼ፣ የሆነ ነገር አለ?» አለችኝ።

«የለም» አልኳት፤ «ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው።»