የፒክአፑ ጣሪያ

ትናንት ዲላ መናኸሪያ ጀርባ በአንድ የብረት ሥራ ቤት በኩል ሳልፍ የብረት መቁረጫ ግራይንደር ጮኸ፤ የተቃጠለ ቀለም ሽታም አፍንጫዬን መታው። ወዲያው በሐሳብ ወደ ዘጠኝ ዓመቴ ተመልሼ ግቢያችን ውስጥ ቆምኩ።

ታላቅ ወንድሜ ብሩክ የአባባን አሮጌ ፒክአፕ ይዞ ከወርቃ ከተማ ሲመለስ ተገልብጦ ከሞተ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። ጎትተው ያመጧት መኪና ጣሪያዋ እስከ መሪው ተጨፍልቆ ግቢያችን ቆማለች። አንድ ጠዋት አባባ ግራይንደር ተውሶ መጣና ጣሪያውን ይቆርጥ ጀመር። ከብረቱ የሚፈናጠረው እሳት ሸሚዙን ሲበሳሳው እንኳ አላቆመም። የግራይንደሩ መቁረጫ ዲስክ ሲሰበርበት መጥረቢያ አነሳ። ጣሪያውን እንደ ሰው "አንተ!" እያለ ይሰድበዋል፣ ይመታዋል። መዳፉ ተሰንጥቆ እጀታው በደም ራሰ።

እማማ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ወጣች።

"ብረቱ ምን አደረገህ?"

"ልጄን የገደለው እሱ ነው!"

"ልጁ 'መንገዱን እፈራለሁ' ሲል 'ሴት ነህ እንዴ?' ብሎ የላከው ጣሪያው ነው?"

አባባ መጥረቢያውን እንዳነሳ ወደ እሷ ዞረ። እኔ ጮህኩ፤ እሷ ንቅንቅ አላለችም። ድንገት መጥረቢያውን የመኪናዋ መስታወት ላይ ወረወረው፤ ስባሪው ቅንድቤን ቀደደኝ። ደሜን ሲያይ ጭቃው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

እማማ ያለችው በደንብ አልገባኝም ነበር። በቤታችን ሴት ልጅ እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ ብሩክ በእኔ ምክንያት የሞተ መስሎኝ ብዙ ጊዜ ተደብቄ አልቅሻለሁ።

አባባ ከዚያ ወዲህ መሪ ጨብጦ አያውቅም። አሁንም ገደብ ከተማ ለለቅሶ ሲሄድ፣ አውቶቡሱ ባዶ ቢሆን እንኳ ከመሪው ርቆ የመጨረሻው ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው።