አዘዘችልኝ እና አዘዘችኝ

ሥራውን የጀመርኩ ዕለት ስሙን እንኳ አላውቀውም ነበር። ሚዛን ከተማ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። አንድ ጠዋት ሲስተር አልማዝ መወልወያውን ከእጄ ተቀበለችና «ከዛሬ ጀምሮ አድራሽ ነሽ» አለችኝ።

«ምን ላድርስ?»

«ሰው።»

የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ሰምቶ «አስከሬን ክፍል ሊከፈት ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ ሌላ ነው። ኪኒን ብቻውን የማይበቃው ሰው አለ። ሐዘን ወይም ብቸኝነት ቤት ያስቀመጠው ሰው እንቅልፍ ያጣል፤ ደም ግፊቱም አልወርድ ይላል። ለእንዲህ ያለው ሰው ሲስተር ከኪኒኑ ጋር ሰው ታዝዛለች። ከጤና ጣቢያው ጀርባ ጎመን፣ ጎደሬና እንሰት የሚያለሙ ሴቶች ማኅበር አላቸው፤ ወደዚያ ትልካለች። የታዘዘለት ሰው ግን ብቻውን አይሄድም። ያፍራል፤ ዝናቡን ያመካኛል፤ ሚዛን ደግሞ ለሰበብ የሚሆን ዝናብ ሞልቷል። አድራሿ ቤቱ ድረስ ሄዳ ታመጣዋለች፤ እስኪለምድም አትለየውም።

ለዚህ ሥራ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ ሰው ሲያየኝ የነጠላዬን ጫፍ የማኝክ ልጅ። «ለምን እኔን?» ብሎ ለመጠየቅም ድፍረት ያስፈልጋል፤ አልጠየቅኩም።

የመጀመሪያ ሰዬ እትዬ ዘይነባ ነበሩ። የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ሱቁንም የቤታቸውንም በር ዘግተው ተቀምጠዋል። ብቅ የሚሉት ለመርፌ ብቻ ነው።

«ሲስተር፣ አንድ መርፌ።»

«መርፌ አያስፈልግዎትም፣ እትዬ።»

«እሺ፣ ግማሽ?»

ሲስተር ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠቻቸው። እሳቸው በቀጥታ ወደ መድኃኒት ቤቱ መስኮት፣ እኔ ከኋላቸው። መድኃኒት ሰጪው አነበበ፤ «ከልጅቷ ጋር ወደ ጓሮው ማኅበር፣ በሳምንት ሁለት ቀን።» ጀርባውንም ገልብጦ አየው።

«እትዬ፣ ይሄ እኛ ጋ የለም።»

«አማን ከተማስ ይገኝ ይሆን?»

«የትም አይገኝም። ሲስተር አዘዘችዎት እንጂ አላዘዘችልዎትም።»

መቀለዱ ነበር። እሳቸው ግን ቁም ነገር አደረጉት። አዘዘችልኝ ከሆነ መድኃኒት ነው፤ አዘዘችኝ ከሆነ ሥራ ነው። ዞር ብለው ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። ግድግዳ ተደግፌ ነጠላዬን አኝካለሁ።

«ውይ ልጄን! ለካ በሽተኛዋ አንቺ ነሽ! እንድወስድሽ ነዋ የታዘዝኩት።»

«አይደለም» ልል አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም።

«መናገርም አቅቷታል!» አሉት ለመድኃኒት ሰጪው።

በቀጠሮው ቀን ቤታቸው ስሄድ ጃንጥላ ዘርግተው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ጎረቤቶቻቸው በአጥር ላይ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። «ነይ ግቢ ከሥሩ» አሉኝ። «ላንቺ ስል ነው የወጣሁት፤ ጉልበቴን እንኳ ያመኛል።»

ስንመለስ ሮጬ ለሲስተር ነገርኳት። «በሽተኛዋ እኔ መስያቸዋለሁ!»

«ከቤት ወጡ?»

«ወጡ።»

«እንግዲያው ታመሚ።»

ታመምኩ። ጓሮው በደረስን ቁጥር ወደ ፊት ይገፉኛል፤ «በይ ሰላም በይ። ጮክ! አልተሰማም!» ሴቶቹ ደጃፋቸውን በየቀኑ ስጠርግ የኖርኩ ነኝ፤ ያውቁኛል። የማኅበሩ ሰብሳቢ ወርቅነሽ፣ የሸዋ ቤንች ወረዳ ሴት፣ «ምስኪን!» ብላ ከንፈሯን መጠጠችልኝና በእሳቸው ጀርባ ጠቀሰችኝ።

እትዬ ዘይነባ እኔን እየጠበቁ ዝም ብለው መቀመጥ አልሆነላቸውም። መጀመሪያ አረም ነቀሉ። ቀጥለው በእንሰት አተካከል ከወርቅነሽ ጋር ተጣሉ።

«ሥሩ ተሰንጥቆ ነው የሚቀበር!»

«እዚህ አገር አይሰነጠቅም፣ እትዬ።»

«ለዚህ ነዋ የቀጨጨው!»

አንድ ቀን ክርክሩ ጦፎ ሁሉም እጁን እያወናጨፈ ሳለ ፍየል አጥሩን ሾልካ ገባች። እኔ ብቻ አየኋት። በዓይኔ ለማሳየት ሞከርኩ፤ ማንም አላየኝም።

«ፍየል! ኧረ ፍየል! ጎመኑን ጨረሰችው!»

የጮህኩት እኔ ነኝ። ፍየሏን ያየ የለም፤ ሁሉም ያዩት እኔን ነው። እትዬ ዘይነባ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «አልሐምዱሊላህ! ዳነች!» በዚህ መሃል ፍየሏ የተረፈውን ጎመን ጨረሰች።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። እኔ ከዳንኩ እሳቸው ለምን ብለው ይወጣሉ?

በማግስቱ እጄን ይዘው ሲስተር ክፍል አስገቡኝ። «ይህቺ ድናለች። አሰናብቻት።»

ሲስተር የግፊት መለኪያውን ክንዳቸው ላይ ጠቀለለች።

«የእኔን ምን ያደርግልሻል? የሷን ለኪ እንጂ።»

«የአስታማሚም ይለካል። ኪኒኑን ይወስዳሉ?»

«እወስዳለሁ። መንገድ ላይ ብወድቅ ልጅቷን ማን ያደርሳታል?»

«እንቅልፍስ?»

«ስቆፍር ውዬ ምን ልሁን? እተኛለሁ።»

ግፊታቸው ወርዶ ነበር። ሲስተር ነገረቻቸው፤ ብዙም አልገረማቸው። ተነሡ፤ ጃንጥላቸውን አነሡ። እኔ «አሁን ገብተው በራቸውን ሊዘጉ ነው» እያልኩ መሬት መሬት አያለሁ። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ቆሙ።

«በይ እንጂ፣ ሲስተር።»

«ምን?»

«ሌላ በሽተኛ ስጪኝ። ብቻ እንደዚህች ዝም የምትል አትሁን፤ አድክማኛለች።»

አሁን ከቴፒም ከማጂም አዳዲስ አድራሾች ሲመጡ ሥራውን የማሳየው እኔ ነኝ። የምነግራቸው ይህን ነው። በሩን የዘጋ ሰው «ለጤናዎ ነው» ቢሉት ላይወጣ ይችላል። የሚጠብቀው ሰው ካለ ይወጣል። እኔ ደጃፉ ስደርስ «እባክዎ ያግዙኝ» እላለሁ።